በበረካ ላይ የተቆረጠ ቲኬት

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ ስለ ፓርኪንግ ያለው ዕውቀት ተወዳዳሪ የለውም። በመሀል ከተማው ሕንጻዎች ምድር ቤት ውስጥ ቁልፍ ተቀብለው የሚሰቅሉት፣ የትኛው መኪና ከየትኛው ኋላ ቢቆም ማን ቀድሞ እንደሚወጣ በቃላቸው የሚያሰሉት፣ ብዙውን ጊዜ የእኛው ሰዎች ናቸው። ታክሲና ኡበር የሚነዳው ወገን ደግሞ የከተማዋን የማቆሚያ ምልክቶች እንደ ዳዊት ደግሟቸዋል። ሆኖም ይኸው ሕዝብ ወዳጁን ሊጠይቅ በሄደ ቀን መኪናው መስታወት ላይ ወረቀት ይጠብቀዋል። ዕውቀትና ቅጣት በአንድ ሰው ላይ እንዴት አብረው ሊያድሩ ቻሉ የሚለው ጥያቄ እስካሁን ምሁራዊ ትኩረት ስላልተሰጠው ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው። ናሙናው ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ነው። መጠይቅ መበተን አላስፈለገም፤ ቲኬት የተቆረጠበት ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል።

ሕጉ አጭር ነው። በዲሲ የመኖሪያ ሠፈሮች የዞኑ ፐርሚት የሌለው መኪና በሥራ ቀናት፣ በተለመደው ምልክት ላይ እንደሚነበበው ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 8፡30 ድረስ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም አይፈቀድለትም። (ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንብቦ የተቀጣ ሰው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።) ዞኖቹ በቁጥር ይጠራሉ። አዳምስ ሞርገን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስና የዩ ስትሪት አካባቢ የሚገኙበት ዞን 1 ለእኛ ዋነኛው የመስክ ሥራ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ የመጡት ወገኖቻችን የሠፈሩት እዚያ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሰው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ቢሻገርም ዘመዱ፣ ክርስትና አባቱ ወይም የዕቁብ ጸሐፊው ዲሲ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ታርጋ የለጠፈ መኪና ሁሉ በሕግ ዓይን እንግዳ ነው።

በአብዛኛው ሠፈር ቅዳሜና እሁድ ይህ ሕግ ያርፋል። የቢሮ ሥራ ያለው ሰው እሁድ ከቅዳሴ ወጥቶ ወዳጁ ቤት ይገባል፤ እስኪመሽም ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ሐኪም ቤት ሌሊት የሚያድር፣ ጋራዥ የሚጠብቅ፣ ታክሲ የሚነዳ ሰው ግን ቅዳሜና እሁድ ሥራ ላይ ነው። የእሱ ዕረፍት ማክሰኞ ነው። አራስ የሚጠይቀው ማክሰኞ ነው፤ ለቅሶ የሚደርሰውም ማክሰኞ ነው። በመሆኑም በጥናታችን ውስጥ ለቲኬት እጅግ የተጋለጠው ወገን፣ ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው መኪና በሥርዓት ሲያቆም የሚከርመው ነው። ይህን እንደ ግኝት እንጂ እንደ ምሬት አላስቀመጥነውም።

ሕግ አውጪው እንግዳን ጨርሶ አልረሳም። የሠፈሩ ነዋሪ ለእንግዳው ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ የመኪናውን ታርጋ ቁጥር አስገብቶ ማስመዝገብ ነው። አሠራሩ ያማረ ቢሆንም በተግባር አንድ እንቅፋት ገጥሞታል። እንግዳው ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ታርጋህ ስንት ነው? እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሐበሻ ጋባዥ በመስክ ሥራችን አልተገኘም። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ እንኳ ሁለተኛ እንግዳ አይመጣበትም። እንግዳውም በበኩሉ "ፐርሚት አውጣልኝ" አይልም፤ ሊያመሽ መጥቷል እንዳይባል "እግር ጥሎኝ ነው፣ ቶሎ እሄዳለሁ" ብሎ ይገባል። ሁለቱ በዚህ ሁኔታ ተፋጥጠው ሳለ ጋባዡ የታሪኩን አቅጣጫ የሚወስነውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ "ተወው ባክህ፣ እዚህ ሠፈር ማንም አይቀጣም።" የተናጋሪው መኪና ፐርሚት ያለው መሆኑ ልብ ይባል።

ወደ ሕጉ ታሪክ ስንሄድ፣ የፓርኪንግ ይግባኝ የሚጀምረው በአንድ ሰባኪ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሚተር ጁላይ 16 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ሲቲ ተተከለ። ሐሳቡን ያመጡት የጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩት ካርል ማጊ ናቸው፤ ጋዜጠኝነት ለሰው ልጅ ያበረከታቸው ነገሮች በየዓመቱ ሲዘከሩ ይህኛው ለምን እንደሚዘለል ግልጽ ነው። ዋጋው ለሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። በቀጣዩ ወር ሬቨረንድ ሲ. ኤች. ኖርዝ የተባሉ የከተማው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተቀጡ፤ እሳቸውም ለሚተሩ የሚሆን ዝርዝር ፍለጋ ወደ ግሮሰሪ ገብቼ ነው ብለው ተከራከሩና ቅጣቱ ተነሳላቸው። በዘርፉ የተመዘገበው የመጀመሪያው ክርክር በድል ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቁልቁለት ነው። "ዝርዝር ልፈልግ ሄጄ" የሚለው መከራከሪያ ዛሬ እንዳይሞከር እንመክራለን፤ ክፍያው በስልክ ሆኗል።

እንግዳ በሕግ ፊት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቦታው ሩቅ አይደለም፤ ከዲሲ ወንዝ ማዶ፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የቨርጂኒያው አርሊንግተን ነው። ክሪስታል ሲቲ ለሥራ የሚመጡ ሰዎች መኪናቸውን አውሮራ ሃይላንድስ በተባለው መኖሪያ ሠፈር እያቆሙ ነዋሪውን ቢያስቸግሩት ካውንቲው ደንብ አወጣ። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት እዚያ ማቆም የሚችሉት ነዋሪዎች፣ ከነዋሪዎች ጋር ጉዳይ ያላቸው ሰዎችና እንግዶቻቸው ሆኑ። ሠራተኞቹ ነዋሪን ከመጤ ማበላለጥ ነው ብለው ከሰሱና በቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረቱ። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው፤ ጩኸትንና የመኪና ጭስን ከመኖሪያ ሠፈር ለማራቅ እንዲህ ያለ ልዩነት ማድረግ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ከዚህ ፍርድ የምንረዳው እንግዳ ሕግ የሚያውቀው ፍጡር መሆኑን ነው። ስንት ስኒ መጠጣት እንደሚችል ግን ዳኞቹ ሳይወስኑ ተነሥተዋል።

ሁለት ሰዓት ማለፉ እንዴት ይታወቃል የሚለውም ተራ ነገር አይደለም። ተቆጣጣሪዎች በየከተማው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ሳጊናው በምትባል ከተማ በዚህ ዘዴ 15 ጊዜ የተቀጣች ሴት ከተማዋን ከሰሰች፤ የስድስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2019 እ.ኤ.አ. ጎማን በጠመኔ ማስመር በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ትርጉም ፍተሻ ነው ሲል ወሰነ። በ2022 የዘጠነኛው ወረዳ ፍርድ ቤት በሳን ዲዬጎ ጉዳይ ጠመኔው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። የጠመኔ ሊቃውንት በዚህ መንገድ ለሁለት ተከፍለው ይኖራሉ። ዲሲ ውስጥ ግን ክርክሩ ጊዜ አልፎበታል፤ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ የተገጠመላት መኪና ሠፈሩን ትዞራለች። ጠመኔ ቢያንስ ዝናብ ያጥበው ነበር።

አሁን ወደ ጥናቱ እምብርት እንግባ። ጥየቃ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የመጀመሪያው ክፍል ሰላምታ ነው። ሰላምታው ጋባዡን፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹን፣ አገር ቤት ያሉትን እናት፣ የእናትየውን ጉልበት፣ ለጉልበቱ የተላከውን መድኃኒት፣ መድኃኒቱን ይዞ የሄደውን ሰውና የዚያን ሰው ቤተሰብ ያካትታል። ሁለተኛው ክፍል እንግዳው "በልቼ ነው የመጣሁት" የሚልበት ነው። አባባሉ እውነት ይሁን አይሁን በውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ እንጀራው ቀርቧል። ጉርሻ አንድ ከሆነ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከባለቤትየዋ ይመጣል።

ሦስተኛው ክፍል ቡና ነው፤ የሕጉና የባህሉ ግጭት የሚፈነዳውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቡና መቁላት በመሰናዶ ይጀምራል። ጋባዡ ወንበር ላይ ወጥቶ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ደወል ያፍናል፤ መስኮት ይከፈታል፤ የአየር ማውጫው ይበራል። ከዚያ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱን እንዲያሸት ለእንግዳው ይቀርብለታል፣ ይፈጫል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ይሰክናል። አቦል ሲቀዳ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቶና ላይ ይሞላል። በረካ ከሕግ ውጭ ነው።

በአቦል ላይ ተነሥቶ መሄድ ይቻል እንደሆነ ተመርምሯል። ያንን ያደረገ ሰው በማግሥቱ ለእናቱ አገር ቤት ድረስ ተደውሎ "ምን አስቀይመነው ነው?" እንደሚባል ከተለያዩ ምንጮች አረጋግጠናል። በቶና ላይ መነሣት የሚችሉት የሥራ ፈረቃ የደረሰባቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም ፈረቃቸውን በቃለ መሐላ ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ለሌላው ሁሉ "በሞቴ፣ ሦስተኛዋን!" የሚል የቃል ትእዛዝ ይወጣል። ከሕግ አንጻር ይህን ትእዛዝ ከመንገድ ዳሩ ምልክት ጋር ስናነጻጽር የሚከተለውን እናገኛለን። ምልክቱን የጣሰ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። "በሞቴ"ን የጣሰ ሰው ደግሞ የአንዲት እናት ሕይወት በእጁ ነው። አስተዋይ ሰው በሁለት ሕጎች መካከል ሲያዝ ከባዱን ያከብራል።

በረካ ተጠጥቶ ምርቃት ተቀብሎም ጥየቃው አያበቃም። "እንግዲህ ልሂድ" የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ የመጀመሪያው ለጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ከሶፋ ለመነሣት ነው፣ ሦስተኛው በር ላይ ነው። በር ላይ የቆመ ጨዋታ ከተቀመጠው ይረዝማል፤ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ብድሩ፣ የልጁ ነገር፣ የተጣሉት ባልና ሚስት፣ የሚነሣው በር ላይ ነው። ከዚያ ጋባዡ "እስከ መኪናህ ልሸኝህ" ይላል። አበው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ እያደር ይረክሳል ያሉት በቀን ስለሚለኩ ነበር።

ሽኝቱ የቲኬቱ መገኛ ቅጽበት ስለሆነ ትኩረት ይሻል። ወረቀቱን ቀድሞ ማን ያየዋል? እንግዳው ቀድሞ ካየው እጁን ወደ መስታወቱ ሰዶ፣ ቅጠል የሚያራግፍ መስሎ፣ ወደ ኪሱ ይከተዋል፤ ጋባዡ ያየ እንደሆነ ያፍራልና። ጋባዡ ቀድሞ ካየው እሱ ነጥቆ ወደ ኪሱ ይከተዋል፤ እንግዳዬ ቤቴ መጥቶ ተቀጣ የሚል ስም አይፈልግምና። ሁለቱ እኩል ካዩት መንገድ ላይ ትግል ይነሣል። አላፊ አግዳሚው ፈረንጅ ሁለት ሰዎች የቅጣት ወረቀት የግሌ ነው ብለው ሲጓተቱ ሲያይ ምን እንደሚያስብ የሚያጠና ሌላ ተመራማሪ ያስፈልጋል።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ የሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በላ ልበልሃ ብሎ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ በግጥምና በምሳሌ ተከራክሮ የሚረታ ሕዝብ ነን። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይባል ነበር፤ ያም ካልሆነ አቤት ባዩ ወረቀቱን ይዞ የንጉሠ ነገሥቱ መኪና በሚያልፍበት ጎዳና ዳር ይቆም ነበር። ያኔ መኪናው ይንቀሳቀሳል፣ አቤት ባዩ ይቆማል። ዛሬ የቆመው መኪናው ነው፤ አቤት ባዩ በየዌብሳይቱ ይንከራተታል። በአዲስ አበባም ቢሆን ያለቦታው የቆመ መኪና ታርጋው ይፈታል፤ ትራፊኩ መፍቻውን ያወጣና ወደ ቡለኑ ጎንበስ ይላል። ይግባኙ ቡለኑ ሳይላላ ይጀመራል፤ "አለቃዬ፣ በማርያም፣ አሁን ነው ያቆምኩት፣ ልጅ ታሞብኝ ነው።" ፊት ለፊት ነው፤ ዓይን ለዓይን እየተያየ ነው። ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። የውሳኔው ዝርዝር ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ዲሲ ውስጥ "በማርያም" የሚሉት ሰው የለም። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለ፤ ዝም ያለ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። 60 ቀን ያለፋቸው ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ያሉበት መኪና መንገድ ላይ ከተገኘ ጎማውን የሚቆልፍ ቡት ይገባበታል። ክርክሩ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ይላካል፤ የሚያነበው ጉዳይ መርማሪ ፊቱ አይታይም፣ አገሩ አይታወቅም፣ የእናቱ ስም አይጠየቅም። እንዲህ ላለ ሰው መጻፍ ለእኛ የሥነ ጽሑፍ ፈተና ነው። በናሙናችን ውስጥ ከተገኙት ረቂቆች ሁሉ ወካይ ነው ያልነውን፣ የግለሰቡን ማንነት ሸፍነን፣ በከፊል እናቀርባለን።

"ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተጣለብኝ ቅጣት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች የልጅነት ወዳጄ ባለቤት በሰላም በመገላገሏ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሄጄ ሳለ፣ ገንፎ ቀርቦልኝ ስለነበርና የአራስ ቤት ገንፎ እምቢ ማለት በባህላችን ነውር በመሆኑ፣ ገንፎውን እንደጨረስኩ ለመነሣት ብሞክርም ቡና ተቆልቶ ስለነበር፣ አቦሉን ጠጥቼ ለሁለተኛ ጊዜ ብነሣም የወዳጄ እናት በሞቴ በማለታቸው፣ ሕፃኑም በዚሁ መካከል ከእንቅልፉ ተነሥቶ እንድታቀፈው ስለተሰጠኝ፣ ሕፃን ታቅፎ መሄድ የማይቻል መሆኑን ክቡር ጽሕፈት ቤታችሁ እንደሚገነዘበው..."

ሙሉው ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ቅጥያም አለው። አቀራረቡ ግን የማይናቅ ነው። አመልካቹ አንድም ነገር አልደበቀም፤ ስድስት ሰዓት ላይ መግባቱን ጽፏል፣ ገንፎውን፣ አቦሉን፣ ሕፃኑን በቅደም ተከተል አስፍሯል። ጥፋቱ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት በመሆኑ ደብዳቤው በሕግ ዓይን ሲታይ ማንም ዐቃቤ ሕግ አገኛለሁ ብሎ የማያልመው፣ በሰዓት የተከፋፈለ የእምነት ቃል ነው። እያንዳንዱ ይቅርታ ሠላሳ ደቂቃ ይጨምራል።

ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱ ሥራ በየቤቱ የሚሰጠው አሜሪካ ለተወለደችው ልጅ ነው። ልጅቷ ቅጥያውን ጭምር አንብባ፣ ቀና ብላ "አባዬ፣ ምልክቱ ይታይ ነበር?" ትላለች። "ይታይ ነበር" ይላል አባት፤ ሐሰት አይናገርም። "እና ምን ብዬ ልጻፍ?" አባት ያስባል። "ባህላችን ነው በይ።" ልጅቷ አንድ መስመር ትጽፋለች። አባት መስመሩን አይቶ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፈውን የት እንዳደረሰችው ይጠይቃል። "ይኸው ነው" ትላለች። ቤተሰቡ በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማም።

ተቀባይነት ያላቸው መከላከያዎች በደንብ የታወቁ ናቸው፦ ምልክቱ ወድቆ ወይም ተሸፍኖ ከነበረ፣ ሚተሩ ከተበላሸ፣ መኪናው ተሰርቆ ከነበረ፣ ቲኬቱ ላይ የሰፈረው ፍሬ ነገር ስሕተት ካለበት። ተከራካሪው ዝርዝሩን እያነበበ መኪናው ባለመሰረቁ ለአፍታ ሲያዝን ታይቷል። ሚዜ የሆነ፣ አስከሬን የሸኘ፣ አራስ የጠየቀ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይህኔ ነው ምስክር የሚታሰበው። በአገራችን ሙግት ምስክር ያለው ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ጋባዡም በደስታ "እኔ እመሰክራለሁ" ይላል። ምን ብሎ? "ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እኔ ቤት ነበር፤ ከዓይኔ አልተለየም።" ቃሉ እውነት ነው፤ ባለቤቱና እናቱም ያጸኑታል። ሦስት የተከበሩ ምስክሮች አንድ ሰው ጥፋቱን ያለጥርጥር መፈጸሙን በአንድ ድምፅ የሚያረጋግጡበት መከላከያ በሌላ የሕግ ሥርዓት ውስጥ ስለመኖሩ አጥኚዎቹ አልደረሱበትም። ጋባዡ ግን እውነተኛ ተከሳሽ መሆን የነበረበት እሱ ነው፤ "ማንም አይቀጣም" ያለው እሱ ነው፣ ጀበናውን ያስጣደው እሱ ነው፣ ለበረካው በእናቱ ሞት ያስማለው ቤቱ ነው። ሕጉ ግን ሰው አይከስም፤ የሚከሰው ታርጋ ነው።

አንዳንድ ተከራካሪዎች ያለመከሰስ መብትን ያነሣሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና ስምምነት ለዲፕሎማት የሚሰጠው ከለላ ኒው ዮርክ ውስጥ ለመኪናም ተርፎ ነበር፤ ሬይመንድ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚጌል የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ጉዳዩን አጥንተው በ2007 አሳትመዋል። ከ1997 እስከ 2002 ባለው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ከ150,000 በላይ ቲኬት ሳይከፍሉ አከማችተዋል፤ የገንዘቡ መጠን ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኩዌት በአንድ ዲፕሎማት በዓመት ከ240 በላይ ቲኬት ይዛ ትመራለች፤ ስዊድንና ኖርዌይ ምንም የላቸውም። ኢትዮጵያ በዓመት 60 ገደማ ይዛ ከፊተኞቹ መካከል ተሰልፋለች። ምሁራኑ ቁጥሩን ከየአገሩ የሙስና ደረጃ ጋር አያይዘውታል። እኛ ትሑት ተቃውሞ አለን፤ ሰንጠረዡ ውስጥ "ለቅሶ ቤት" የሚል ዓምድ የለም። ስዊድናዊው ዲፕሎማት ኒው ዮርክ ውስጥ ስንት ዘመድ አለው? በ2002 ከተማዋ መኪናቸውን እንድትጎትት፣ ያልተከፈለውም ከየአገሩ ዕርዳታ ላይ እንዲቀነስ ሥልጣን ሲሰጣት ጥፋቱ በ98 በመቶ ገደማ ወረደ። ወይ ዲፕሎማቶቹ ተማሩ፣ ወይ ጥየቃው ቀረ። ሁለተኛው ከሆነ ማንም አላዘነላቸውም።

የውሳኔው ደብዳቤ ይመጣል። አጭር ነው፤ ጥፋተኛ ይላል፣ የሚከፈለውን ገንዘብ ይገልጻል። ገንፎው፣ በሞቴው፣ ሕፃኑ አልተጠቀሱም። እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ይቻላል፤ ወደ ቦርዱ ለመሄድ ግን አስቀድሞ ቅጣቱን መክፈል ግድ ነው። ከፍሎ አልከፍልም ብሎ የሚከራከር ሰው ስለሚሰማው ነገር ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ በናሙናችን ውስጥ እዚህ ድረስ የዘለቀ አልተገኘም።

ዶናልድ ሹፕ የተባሉት የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ ነጻ ፓርኪንግ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ወጪውን ሁልጊዜ አንድ ሰው እንደሚከፍል አስረድተዋል። ሁለት ሰዎች "እኔ ልክፈል" ብለው የሚጣሉበትን ሁኔታ ግን አላካተቱም። በእኛ ዘንድ ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ነው። እንግዳው "ምንም አይደለም፣ ተነሥቶልኛል" ብሎ ጋባዡን ዋሽቶ ይከፍላል። ጋባዡ አያምንም፤ በሽኝቱ ትግል መሀል የቲኬቱን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶት ኖሯል። የገንዘብ ማዘዣ ገዝቶ በፖስታ ይልካል። እንግዳው በስልክ፣ ጋባዡ በፖስታ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። በመዝገቡ ላይ አንድ ቲኬት ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይገኛል።

ትርፉ ይመለሳል፤ ለዚህም ማመልከቻ አለው። ችግሩ የሚመለስለትን ሰው ስም መጻፉ ላይ ነው። እንግዳው ለወዳጄ ይመለስለት፣ ልጅ የወለደ ሰው ወጪ አለበት ይላል። ጋባዡ ቤቴ መጥቶ የተቀጣ ሰው ገንዘብ አልቀበልም፣ ከዚህ በኋላ ደጄን አትርገጥ ብሏል፤ ይህን ሲል ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። የሚሰበሰቡት ጋባዡ ቤት ሲሆን ቀጠሮው ለእሁድ ተደርጓል፤ እሁድ ምልክቱ አይሠራም።